ሚንት ለደንበኛ፣ ዴቢያን ለራሴ

ባሕር ዳር ላይ አነስተኛ የኮምፒዩተር ጥገናና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ላፕቶፑ ምንም አልሆነም፤ ግን 11ን አልቀበልም አለኝ። ምን ይሻለኛል?» ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን በሩ ላይ ይመልሰዋል። እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ቲንክፓድ ቲ450 ነው። አንዱ 6ኛ፣ ሌላው 5ኛ ትውልድ። ሁለቱም ገና ብዙ የሚያገለግሉ ማሽኖች ናቸው።

ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ስርዓት እንጭናለን። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ዓይነት ዲስትሮ ይባላል። ጣጣው የሚጀምረው «የትኛውን?» ሲባል ነው። ሰው ከጠየቃችሁ ሁለት ወገን ታገኛላችሁ። አንዱ «ሁሉን ነገር ቴርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ላይ በእጅህ ካልጻፍክ ሊኑክስ ተጠቀምኩ አትበል» ይላል። ሌላው «ዘመኑ የማውስ ነው፣ ምን አስለፋህ?» ይላል። እኔ በሁለቱም መንገድ እሠራለሁ፤ ዲስትሮ የምመዝነው ግን በሌላ ነገር ነው። መስኮቱ ላይ ክሊክ ሳደርግ ያ ነገር የት ይጻፋል? ከፍቼ የማነበው ፋይል ላይ ከሆነ ጥሩ። እኔ በእጄ የጻፍኩትን ሳይነካ ከተወልኝም የበለጠ ጥሩ። የማላየው ጉድጓድ ውስጥ የሚከት ከሆነ ግን ነገ ሲበላሽ እኔም ደንበኛዬም ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

በዚህ መስፈርት ደንበኛ ላፕቶፕ ላይ የምጭነው ሊኑክስ ሚንት ነው። 22ኛው ተከታታይ የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው፤ ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። የመጫኛ ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ቀላል አይደለም። ግን አንዴ ፍላሽ ላይ ከገባ ሳልጭነው በፊት ከፍላሹ አስነስቼ ለባለቤቱ አሳየዋለሁ። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁ ይወጣል? ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል? ይኼን ሁሉ ዊንዶውሱ ሳይነካ ያያል።

ዋይፋይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ከሊኑክስ የሚጣላው እዚህ ጋ ነው። ኢንቴል ካርድ ከሆነ ችግር የለም፣ ወዲያው ይነሳል። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ብሮድኮም ቢሲኤም 43142 ግን ለብቻው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ለኢንተርኔት ደግሞ ድራይቨሩ። ሚንት ለዚህ መላ አለው። ድራይቨር ማኔጀር የሚባለው መስኮት ኢንተርኔት ከሌለ የጫናችሁበትን ፍላሽ መልሳችሁ እንድትሰኩ ይጠይቃል፤ ድራይቨሩን ከዚያው ያነሳል። እኔ ራሴ በምጠቀምበት ዲስትሮ፣ ዴቢያን ላይ ደግሞ ከ12ኛው ስሪት ጀምሮ የብዙ ካርዶች ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) መጫኛው ውስጥ ተካቷል። ይኼኛው ብሮድኮም ግን ፈርምዌር ሳይሆን ድራይቨር ስለሆነ አይካተትም። የከርነሉን፣ ማለትም የስርዓቱን እምብርት፣ ሄደር ፋይሎች አውርዶ ድራይቨሩን እዚያው ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ (ከምንጭ ኮዱ መሥራት) ነው። ለማንኛውም ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒዩተሩ ማካፈያ) ብታበሩት ሁለቱም ዲስትሮዎች ወዲያው ያውቁታል። ይኼን ዘዴ ለስንቱ እንደነገርኩ!

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ሊኑክስ የምትሉት ቫይረስ አይገባውም ይላሉ። አማርኛስ ይገባዋል?»

«ይገባዋል ጋሼ። ትንሽ ማለማመድ ነው እንጂ።»

ማሳየቱ ላይ ምንም ችግር የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ስሪት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ከዲስትሮው የፕሮግራም ማከማቻ ይወርዳሉ። አስቸጋሪው መጻፉ ነው። የኪቦርድ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የሚል ስላያችሁ ደስ ብሏችሁ እንዳትመርጡት፤ እኛ የለመድነው ዓይነት አይደለም። አይባስ የሚባል በተለያየ ቋንቋ ማስጻፊያ ፕሮግራም አለ፤ የምትፈልጉት አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለው ፓኬጅ (የመጫኛ ጥቅል) ውስጥ ያለውን «ሰራ» የሚባል የአማርኛ አጻጻፍ ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛው ቁልፍ «ኤስ»ን ስትጫኑ «ስ» ይመጣል፤ «ኢ» ስትጨምሩበት «ሰ» ይሆናል፤ በ«ኢ» ፈንታ «ኤ» ካላችሁ «ሳ»። ትንሹ «ቲ» «ት» ነው፤ ካፒታሉ «ጥ»። «ሽ» የሚመጣው በ«ኤክስ» መሆኑ ግን ጸሐፊዬን እስከዛሬ ያበሳጫታል።

ሚንት ላይ ይኼ ሁሉ በመስኮት ያልቃል። ፓኬጁን ከሶፍትዌር ማኔጀር መጫን፣ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን መስኮት ከፍቶ አይባስን መምረጥ፣ ከአካውንቱ ወጥቶ መልሶ መግባት፣ ከዚያ የአይባስ ምርጫ ውስጥ አማርኛ ሰራን መጨመር። ወጥቶ መግባቱን የዘለለ ሰው ሁሉ «አልሠራም» ብሎ ይመለሳል። ዴቢያን ላይ በእጅ ስትሠሩት ደግሞ ለምን ወጥቶ መግባት እንዳስፈለገ ይገባችኋል። ኢቲሲ በሚባለው የስርዓቱ ማስተካከያዎች ፎልደር ውስጥ ኢንቫይሮንመንት የሚባል ፋይል አለ። እዚያ ሦስት መስመር ትጽፋላችሁ፤ አንዱ መስኮታቸው ጂቲኬ በሚባለው መሥሪያ ለተሠሩ ፕሮግራሞች፣ አንዱ ኪውት በሚባለው ለተሠሩት፣ ሦስተኛው ለቀሪዎቹ። ሁሉም የሚሉት ያው ነው፦ «ጽሑፍ የምትቀበለው በአይባስ በኩል ነው።» ፋይሉ የሚነበበው ስትገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊብሬኦፊስ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ አማርኛ እየጻፈ ሌላ ፕሮግራም ላይ እንግሊዝኛ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ከሦስቱ መስመር አንዱ እንደጎደለ መጠርጠር ነው። መስኮቱ ይኼን አይነግራችሁም። ፋይሉ ይነግራችኋል።

ሌላ የኛ ሰው የሚያውቀው ችግር የኒያላ ፎንት ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይመጣም። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በኒያላ ተጽፏል! ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩ ይንሸራተታል፤ 40 ገጽ የነበረው 43 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሊብሬኦፊስ ምርጫው ውስጥ የፎንት መተኪያ ሠንጠረዥ አለው፤ ኒያላ ሲመጣ አቢሲኒካን ተጠቀም ማለት ትችላላችሁ። ግን የሚሠራው ሊብሬኦፊስ ውስጥ ብቻ ነው። ፎንትኮንፊግ የሚባለው የተጠቃሚው ፋይል ላይ ያንኑ ነገር በእጅ ብትጽፉት ግን የስርዓቱን ፎንት የሚጠቀም ፕሮግራም ሁሉ ይሰማል። የፒዲኤፍ ማንበቢያውም፣ ብራውዘሩም። አምስት ስድስት መስመር ናት። አንዴ ጽፌ ፍላሽ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ለደንበኛ ሁሉ እሷኑ እገለብጣለሁ። ገጹን መልሶ 40 አታደርገውም፣ ምክንያቱም የፊደሉ ስፋት ይለያያል፤ ቢያንስ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ታደርገዋለች። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ፋይል ያለው ሰው ደግሞ ፎንቶቹን ይዞ ይምጣ። ያለ እነሱ የሚታየው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ፓወር ግዕዝ ራሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ፣ እጁ በእሱ የለመደ ጸሐፊ ሊኑክስ ላይ መጀመሪያ ይቸገራል። ይኼን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

እስካሁን ለእጅ ሥራ ያደላሁ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ስለ ኤፍኤስታብ ልንገራችሁ።

ኢቲሲ ውስጥ ያለች ፋይል ናት። ማሽኑ ሲነሳ የትኛው ዲስክ የት እንደሚቀመጥ የምትናገር። አንድ መስመር ስድስት ክፍል አለው፤ የዲስኩ መለያ፣ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ የፋይል ስርዓቱ ዓይነት፣ አማራጮች፣ ከዚያ ሁለት አሃዞች። የሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የደንበኞችን ፋይል የምናስቀምጥበት ሁለተኛ ዲስክ አለ፤ ሁልጊዜ ራሱ እንዲከፈት እንፈልጋለን። ከድሮ መመሪያ ላይ ገልብጣችሁ ብትጽፉ አማራጩ ቦታ «ዲፎልትስ» የሚል ይገባል። ይሠራል። ችግሩ ያ ዲስክ የተነቀለ ቀን ነው። ማሽኑ 90 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ኢመርጀንሲ ሞድ ብሎ ይቆማል። ሱቅ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ይኼን ማየት አትፈልጉም።

ሚንት ላይ ዲስክስ የሚባለውን መስኮት ክፈቱ። ዲስኩን ምረጡ፣ የመክፈቻ አማራጮች የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ራሱ የሚወስነውን አጥፉና እሺ በሉ። ከዚያ ሄዳችሁ ኤፍኤስታብን አንብቡ። መስመሩን ራሱ ጽፎታል፤ አማራጩ ውስጥ «ኖፌይል» የምትል ቃል ጨምሯል። ዲስኩ ባይኖርም ዝም ብለህ ተነሳ ማለት ነው። መስኮቱ ከብዙ መመሪያ ጸሐፊ የተሻለ ጠንቃቃ ነው ማለት ነው። ከላይና ከታች እናንተ በእጅ የጻፋችሁትን መስመርም አልነካም። እኔ ጥሩ የመስኮት መሣሪያ የምለው ይኼን ነው። በእጅ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሪስታርት ከማድረጉ በፊት ፋይንድማውንት የሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን መርምሮ ስህተቱን ይናገራል። ነፃ ነው፣ ተጠቀሙበት።

ሚንት ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ ነው ማለት ግን አይደለም። ሲናመን የሚባለው የሚንት ዴስክቶፕ ሰቲንጉ የሚቀመጠው ዲኮንፍ በሚባል ቋት ውስጥ ነው፤ በጽሑፍ አርታኢ ብትከፍቱት ምንም አይገባችሁም። ግን መውጫ አለው። ዲኮንፍ ደምፕ የሚል ትእዛዝ ሁሉን ወደ ተራ ጽሑፍ ያወጣዋል፤ ሎድ የሚለው ደግሞ መልሶ ያስገባዋል። አንድ ትምህርት ቤት ብዙ ላፕቶፕ ሲያመጣ አንዱን በመስኮት አስተካክዬ፣ ፓነሉን፣ የፎንቱን መጠን፣ ኪቦርድ መቀየሪያውን፣ ምናምኑን ሁሉ፣ ከዚያ ደምፕ አድርጌ ቀሪዎቹ ላይ አፈሰዋለሁ። በየማሽኑ ክሊክ ሲያደርግ የሚውል ሰው ያሳዝነኛል።

ዴቢያን ወደ ራሴ ጠረጴዛ ስንመጣ ነው። 13ኛው ስሪት፣ ትሪክሲ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ። የኔትዎርክ መጫኛው ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፤ የሚያወርደው የምትመርጡትን ብቻ ነው። ከተጫነ በኋላ ደግሞ ዝም ያለ ነው። የደኅንነት ጥገናና አንዳንድ እርማት ይመጣል፣ አዲስ ስሪት እያሳደደ ዳታ አይበላም። እኛ አገር ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራም የሚጭነው አፕት የሚባለው ትእዛዝ የወረዱትን ፓኬጆች ከጫነ በኋላ ይሰርዛል፤ አሮጌው አፕት ጌት ግን ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አፕት ጌትን እጠቀማለሁ። ቫር ካሽ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የተጠራቀመውን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ያው ስሪት ያለው ሌላ ማሽን ላይ እጭነዋለሁ። አንድ ጊዜ አውርዶ ለአሥር ማሽን መጠቀም እያለ ደግሞ ደጋግሞ ማውረድ ምን ይሉታል?

ዴቢያን ላይ የማልወደው መስኮትና ፋይል የሚጋጩበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ያለ ዴስክቶፕ ጭናችሁ በኋላ ዴስክቶፕ ብትጨምሩ፣ የኔትዎርክ መስኮቱ ካርዱን እያየው «አላስተዳድረውም» ይላል። ካርዱ አልተበላሸም። መጫኛው ኢንተርፌስስ የሚባለው ፋይል ላይ የካርዱን ስም ጽፎታል፤ ኔትዎርክ ማኔጀር ደግሞ እዚያ የተጻፈውን ካርድ አይነካም። ስለ ካርዱ የተጻፉትን መስመሮች አስወግዶ ኔትዎርክ ማኔጀርን መልሶ ማስነሳት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ማን ነግሯችሁ? መስኮቱ «እዚህ ፋይል ላይ ስለተጻፈ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ነበረበት!

በተቃራኒው ፕሪንተር ላይ እጄን እሰበስባለሁ። ከፕስ የሚባለው የህትመት ስርዓት ፕሪንተሮችን የሚጽፍበት ፋይል አለ። ስትከፍቱት ገና ከላይ «ከፕስ እየሠራ ሳለ ይኼን ፋይል አታስተካክል» ይላችኋል። እሺ ጌታዬ። በብራውዘር ሎካልሆስት 631 ላይ የሚከፈተው ገጹ ይበቃኛል፤ ዴስክቶፕ የሌለው ማሽን ላይም ይሠራል።

አርች የሚባለውን ዲስትሮ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው። ዲስኩን መከፋፈል፣ መሠረቱን መጫን፣ ኤፍኤስታብን ማመንጨት፣ ቋንቋውን ከዝርዝሩ መምረጥ፣ ስርዓቱን የሚያስነሳውን ቡትሎደር ማስቀመጥ፤ ሁሉም በእጅ። አንዴ ብትሠሩት ሊኑክስ ከምን ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ፤ ለዚህ ትምህርት ብቻ እመክረዋለሁ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አርች ኢንስቶል የሚባል በጥያቄ የሚመራ መጫኛ አብሮት ይመጣል፤ እሱን ከተጠቀማችሁ ግን ትምህርቱ ቀረ፣ የቀረው ልፋቱ ብቻ ነው። ልፋቱም ዳታው ነው። አርች ያለማቋረጥ ይታደሳል። ግማሹን አድሼ ግማሹን ልተወው ማለትም አይፈቀድም። ወር ሙሉ ሳታድሱ ቆይታችሁ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ስትፈልጉ መላው ስርዓት ይታደስ ይላችኋል። በሞባይል ፓኬጅ የሚኖር ሰው ከዚህ ጋር እንዴት ይዘልቃል? የአርች ዊኪ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ለዴቢያንም ለሚንትም ተጠቃሚ የሚጠቅም ነው። በየቀኑ እከፍተዋለሁ።

ፌዶራ የሚባለውን ዲስትሮ በአንድ አፍ ልለፈው። ጥሩ ነው፤ ግን አንዱ ስሪት ድጋፉ 13 ወር ገደማ ነው። ደንበኛን በየዓመቱ ና ማለት ሥራ ለሚፈልግ ጠጋኝ ይመች ይሆናል፤ ለኔ አይመቸኝም።

ኦፕንሱሴ በሚባለው ዲስትሮ ላይ ግን አዝኛለሁ። ያስት የሚባል መሣሪያ ነበራቸው። ዲስኩ፣ ኔትዎርኩ፣ ተጠቃሚው፣ ፋየርዎሉ፣ ሁሉም በአንድ መስኮት። ዴስክቶፕ ከሌለም ያው ምናሌ ቴርሚናል ውስጥ በፊደል ተሥሎ ይመጣ ነበር። ሁለቱን መንገድ እንዲያ አስታርቆ የያዘ ሌላ መሣሪያ አላየሁም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣው ስሪታቸው፣ ሊፕ 16፣ ያስትን ተወው፤ መጫኛው አጋማ ሆነ፣ ማስተዳደሪያው ደግሞ በብራውዘር የሚከፈተው ኮክፒት። ኮክፒትም ጥሩ ነው፣ አልከፋም። ግን ሥራውን በያስት ብቻ የተማረ ሰው መስኮቱ ሲነሳበት እጁ ባዶ ቀረ። ኤፍኤስታብን ማንበብ የሚችለው ግን ያው ሥራውን ቀጠለ። ፋይሉ አልተቀየረማ።

መብራት ሌላው ነገር ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር አፕዴት እያደረገ መብራት ቢሄድ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማዘመኛው መስኮት ስህተት ያሳያል። ስህተቱን አንብቡት እንጂ አትዝጉት። «ዲፒኬጂ ተቋርጧል፤ ይኼን ትእዛዝ በእጅህ አስኪድ» ይላል (ዲፒኬጂ ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም ነው)፤ ትእዛዙንም ይጽፍላችኋል። ቴርሚናል ከፍቶ ያንኑ መጻፍ ነው፤ በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል። መስኮቱ ራሱ ወደ ቴርሚናል ይልካችኋል ማለት ነው። ለዚህ ብዬ ለደንበኛ ሁሉ፣ ለመምህሩም ጭምር፣ ይኼን አንድ መስመር ወረቀት ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ጋሼ ሲያዩት «መድኃኒት አዘዝክልኝ እንዴ?» አሉ።

ሚንት ታይምሺፍት የሚባል መመለሻ አለው፤ ስርዓቱ ሲበላሽ ወደ ትናንት ይመልሰዋል። ግን ልብ በሉ፣ እናንተ የጻፋችኋቸውን ሰነዶች እንዲይዝ ካልነገራችሁት አይዝም። ዋናውን ሰነድ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ለሚመጣ ሰው እንግዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። 8 ጊጋ ራም ካለው ሚንት ሲናመን፤ 4 ጊጋ ከሆነ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፣ ቀለል ይላል። ሃርድ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ከዲስትሮ ምርጫው በፊት ኤስኤስዲ ግዙ እላለሁ፤ የትኛውም ሊኑክስ የዚያን ያህል አያፈጥነውም። ማሽኑ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ዴቢያን 13ም መጫኛ ስለሌለው ብዙ አማራጭ የለኝም። ሰርቨር ለሚፈልግ ቢሮ ዴቢያን ያለ ዴስክቶፕ፣ የለወጥኩትን እያንዳንዱን ፋይል አትሜ ከማሽኑ ጋር እሰጣለሁ። ስትመጡ ቻርጀር እንዳትረሱ፤ የምትጠቀሙባቸውን የድሮ ፎንቶችም በፍላሽ ያዙልኝ።